ሱፉ ሲደርስ

እኔ የምዘራቸው አበቦች ከአንድ ክረምት በላይ አይኖሩም። ሰኔ ላይ እዘራቸዋለሁ፣ መስከረም ላይ ያብባሉ፣ ኅዳር ሲመጣ የእንጅባራ ውርጭ ይጨርሳቸዋል። በቃ። «ጽጌረዳ ተክለሽ ለምን አትገላገይም?» የምትለኝ ጎረቤቴ በቀለች ናት። እሷ በስሟ ብቻ በቀለች እንጂ ግቢዋ ውስጥ አንድ ነገር በቅሎላት አያውቅም፣ ስለዚህ ምክሯን አልሰማም።

ዘላቂ ነገር የማልተክለው በእልህ አይደለም። ባለቤቴ ወገኔ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዛፍ ሰው ነበር። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ቁራጭ መሬት እንዳለ ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ተከለባት። አምስት ዓመት ይበቃዋል፣ ከዚያ ለከሰል እንሸጠውና ቤቱን እናድሳለን አለ። ዛፉ አራት ዓመት ሲሞላው ወገኔ ሞተ። በአምስተኛው ዓመት ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከሰሉ ሲከስል ጭሱ ለሁለት ሳምንት ቤቴ ውስጥ እየገባ ይወጣ ነበር፤ እኔም መስኮቱን ዘግቼ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ክረምት አልፎ የሚጠበቅ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። አበባዬ መቼ እንደሚሞት አስቀድሜ አውቀዋለሁ፣ እሱም አያታልለኝም።

ዘሩን የሰጡኝ ሰዎች የአበቦቹን የፈረንጅ ስም ነግረውኝ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ደግሞስ ሃያ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ስም ማውጣት ምን ይቸግረዋል? ቀጭን አንገት ያለው፣ ሮዝና ነጭ የሚያብበው፣ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ሁሉም ባንዴ ብድግ ብድግ የሚለው «እኔ ቲቸር» ነው፤ ጥያቄ የጠየቅሁ ይመስለዋል። ግንዱ ደረቅ ያለው፣ ቀዩም ወይን ጠጁም ቀጥ ብሎ የሚቆመው «ዘበኛ» ነው። ብርቱካናማው፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚሸተው «አትንኩኝ» ይባላል። በየመደቡ ራስ ላይ ስማቸውን በካርቶን ጽፌ እንጨት ላይ እሰካለሁ። ጥጉ ላይ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ሁለት እግር ሱፍ እዘራለሁ፣ ያን የፈረንጅ ሱፍ የሚሉትን ረጅሙን፣ ፀሐይ እየተከተለ የሚዞረውን። ለእሱ ስም አላወጣሁለትም፣ እንጨትም አልሰካሁለትም። ሱፍ ሱፍ ነው ብዬ።

እንየው የመጣው በግንቦት ነው። የዳንግላ ልብስ ሰፊ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት የልጆቹን የደንብ ልብስ እንዲሰፋ ትምህርት ቤታችን ጠርቶት፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ክፍሌ ገባ። እሱ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እኔ አርባ ዘጠኝ። መጀመሪያ ያየሁለት ነገር፣ የእያንዳንዱን ልጅ ልክ ጮክ ብሎ አይጠራም፤ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ለልጁ ጆሮ ብቻ በሹክሹክታ ይነግረዋል። ልጆቹ ትልቅ ምስጢር የተሰጣቸው መሰላቸውና ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። እኔ ያንን ጸጥታ በጩኸትም አግኝቼው አላውቅም። ከዚያ በያንዳንዱ ልክ ላይ ሁለት ጣት ይጨምራል። «ይኸ ለክረምቱ ነው መምህርት፤ ልጅ በክረምት ያድጋል» አለኝ።

ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ውኃ ለምኖኝ ግቢዬ ገባ። ገና ስላልዘራሁ መደቡ ባዶ አፈር ነበር፤ የቆሙት ስም የተጻፈባቸው እንጨቶች ብቻ ናቸው። ብርጭቆውን እንደያዘ አንድ በአንድ አነበባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ እሱ አልሳቀም።

«እነዚህ መቼ ነው የሚመጡ?» አለኝ፣ እንግዳ እንደሚጠበቅ ሁሉ።

«መስከረም» አልኩት።

«እንግዲያው መስከረም መጥቼ አያቸዋለሁ።»

መስከረምን ግን አልጠበቀም። በሰኔ የኮሌታ ናሙና ላሳይሽ ብሎ መጣ። በሳምንቱ የቁልፍ ነገር አለ። በሦስተኛው ሰበብ አለቀበትና ዝም ብሎ መጣ፤ እጁ ላይ በብጣሽ ጨርቅ የተቋጠሩ ትናንሽ የአበባ ዘሮች ነበሩ። ዳንግላ ልብስ ሊያሰፉ ከሚመጡ ሴቶች ለምኖ ነው ያመጣው፤ የእያንዳንዷን ዘር በራሷ ቀሚስ ብጣሽ ቋጥሮታል። አረንጓዴው የነርሷ፣ አበባ አበባው የሙሽራዋ፣ ጥቁሩ የሐዘንተኛዋ ሴትዮ። «ሐዘንም ላይ ሆና ዘር ሰጠችኝ» አለኝ። ያን ቀን እሱ ከሄደ በኋላ ብጣሾቹን ጭኔ ላይ ደርድሬ ብዙ ቆየሁ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም፣ ግን ቆየሁ።

በቀለች ስሙን ስትሰማ «እንግዲህ እንየዋ» አለች። ከዚያ ወዲያ እሱ መጥቶ በሄደ ቁጥር በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ «አየነው? ወይስ ገና ነን?» ትለኛለች።

«ገና ነን» እላታለሁ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ይዞት ቤቴ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሰው ድምፅ ግማሹ ይሰማል፣ ግማሹ አይሰማም። ስለ ሥራው ያወራል፤ ሠላሳ ዓመት ለሙሽራ ስለመስፋቱ፣ ለራሱ አንድም ቀን ስላለመስፋቱ፣ እኔ እንጃ፣ በግማሽ ጆሮ ነበር የምሰማው። መስኮቱን እያየሁ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጠና የሚቀጥለው ነገር አንድም ቃል ሳይጎድልበት ተሰማኝ።

«ስሚኝ የሻረግ። ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ልጆቼ በየቤታቸው ናቸው። አንችም ብቻሽን ነሽ። ብንጋባ ምን ይመስልሻል?»

ደነገጥኩ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ጋብቻ ከአንድ ክረምት በላይ የሚጠበቅ ነገር ነው። በመስኮቱ ጥጉ ላይ ሱፉ ታየኝ፤ ገና ጉልበቴ ድረስ ነው፣ ቅጠሉ ዝናቡን እየተቀበለ ያፈስሳል። በምችለው ልክ ልወስን አልኩ፤ ይኸ ተክል እስኪደርስ ልየው፣ እስከዚያ ልቤ የሚለውን ይነግረኛል።

«ሱፉ ይድረስና መልሴን እነግርዎታለሁ» አልኩት።

እኔ መስኮቱን እያየሁ ነው የተናገርኩት። እሱ ሲሰማ የኮቱን እጅጌ ያይ ነበር፤ ጠርዙ አልቆ ክሩ የወጣውን እጅጌ። ፊቱ ትንሽ ቀላ። በአውራ ጣቱ ክሩን ወደ ውስጥ መለሰው።

«እሽ» አለ። «ልክ ነሽ። ሱፉ ይድረስ።»

ተግባባን ብዬ ሻይ ቀዳሁለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት እንደ ሕልም ነው ትዝ የሚለኝ። ጉሙ ከጠዋት ይገባና የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የበቀለችን ቤት፣ መንገዱን ሁሉ ይወስዳቸዋል፤ የሚቀሩት እኔና መደቤ ነን። ባጃጅ ሲያልፍ ድምፁን እንጂ እሱን አላየውም። ጋቢዬን ተከናንቤ ደፍ ላይ እቀመጣለሁ። አረሙን ነቅዬ ጨርሻለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ የሚያስቸኩለኝ የለም። ሱፉ ከጉልበቴ አልፎ ወገቤ ደረሰ። ከወገቤ አልፎ ትከሻዬን ነካኝ። አንድ ጠዋት ስወጣ ከላይ ወደ ታች አየኝ። ፀሐይ ሳምንት ሙሉ ሳትወጣም እንኳ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ዞሮ አገኘዋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ ወዴት መዞር እንዳለበት ማን እንደሚነግረው አላውቅም። አንዳንድ ጠዋት «ፍጠን እንጂ» እለዋለሁ። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ «ቀስ በል፣ ማን አባረረህ» እለዋለሁ።

ቀን ቀን እዚያው ደፉ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። በሕልሜ ክፍል ውስጥ ሆኜ ስም እጠራለሁ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አበቦቹ ናቸው፤ «እኔ ቲቸር» ሁሉም ባንዴ ይነሳሉ፣ «ዘበኛ» አይነቃነቅም። አንድ ስም ይቀረኛል፤ ደብተሩ ላይ አለ፣ ግን ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ አንድ ቁጥር በሹክሹክታ ይነግረኛል። ቁጥሩን ሳልይዘው እነቃለሁ። ስነቃ ጉሙ እዚያው ነው፣ ሱፉም እዚያው ነው፣ ጉንጬ ግን ሞቆ አገኘዋለሁ። ባረጀሁበት ዘመን አፈርኩ፣ ደግሞም ደስ አለኝ።

መስከረም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እንየው ስልክ ደወለ። ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ሱፉ ትንሽ ሊዘገይ ነው፣ የሻረግ» አለኝ።

ዳንግላ ቁጭ ብሎ በምን አወቀ ብዬ ገረመኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ብርዱ ነው።»

«እውነትሽን ነው፣ ለብርዱም ደኅና ነው።»

ሱፍ ብርድ አይወድም ልለው ነበር፤ መስመሩ ተንኮሻኮሸና ተውኩት።

«ቁመቱ እንዴት ቢሆን ነው የምትወጂ?» አለ።

«ረዘም ቢል ደስ ይለኛል።»

«ከለሩስ? መቼም ጥቁር…» ተቆረጠና ተመለሰ።

ሳቄ መጣ። «ምን ጥቁር አለው፣ ቢጫ ነው እንጂ» አልኩት።

መስመሩ የጠፋ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ በጣም ቀስ ብሎ «ቢጫ» አለ። «ቢጫ ነው ደስ የሚልሽ?»

«እሱን እያየሁ አይደል እንዴ የምውል።»

«እሽ» አለ። ደግሞም «እሽ፣ የሻረግ። ይደርሳል» አለ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ኅዳር እስኪያልቅ አልተመለሰም።

ስልኩን ዘግቼ እንዴት ያለ ሰው ነው አልኩ። ለተክሌ ቁመትና ከለር የሚጨነቅ ወንድ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ወገኔን እወደው ነበር፣ ግን አበባዎቼን አንድ ቀን ቀና ብሎ አላያቸውም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ሱፉ ፈነዳ። ጠዋት ስወጣ ጉሙ ከፍ ብሏል፣ ሰማዩ ታጥቧል፣ አበባው ትልቅ ሳህን አክሎ ከአጥሩ በላይ ቆሟል። ንቦች ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ ሞልተውታል። እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። እሽ እለዋለሁ አልኩ። እወደዋለሁ፤ ይኸን ቃል ለራሴ ከተናገርኩት ዘመን ሆኖኛል፣ ያን ጠዋት ግን ጮክ ብዬ ተናገርኩት። «እኔ ቲቸር» ሁሉም ብድግ ብድግ አሉ።

አሁን የቀረው እሱ መምጣት ብቻ ነው። አልመጣም።

የደንብ ልብሱ ከዳንግላ በሚኒባስ ተጭኖ ተላከ፤ በየልጁ ስም ተጣጥፎ፣ አንድም ሳይጎድል። ሰፊው ግን የለም። ልጆቹ ሁለት ጣት በሚሰፋ ልብስ በአጥሬ ሥር ሲያልፉ ሆዴ ይባባል። ሱፉ መዞሩን ትቶ ምሥራቅ ምሥራቁን ብቻ እያየ ቀረ። ዳንግላ ያለችው ወደ ሰሜን ነው። «እንዲያው አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ብታይ ምን ትሆናለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ጥቅምት አለፈ። ቢጫው ረገፈ፣ ራሱ ከበደና አቀረቀረ፣ ዘሩ ጠቆረ። ደረሰ እንግዲህ፤ ከዚህ በላይ መድረስ የለም። ወፎች መጥተው ዘሩን መልቀም ሲጀምሩ ሻሼን ፈትቼ አሰርኩለት፤ እሱ መጥቶ ሳያየው ለወፍ መስጠት ከበደኝ።

በቀለች በአጥሩ በኩል አየችውና «ሙሽራ አስመሰልሽው እኮ» አለች። ከዚያ ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች። «ሂጅና ጠይቂው» አለችኝ።

«እኔ? እኔ ነኝ የምሄድ? እሱ ነው እመጣለሁ ያለ።»

ሴት ልጅ ደጅ ጠናች እንዳይባል ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ስነሳ ግቢው ነጭ ነው። ፀሐይ ስትነካው ሁሉም ጠቁሮ ወደቀ፤ ዘበኛም፣ አትንኩኝም፣ እኔ ቲቸርም። በየዓመቱ አያቸዋለሁ፣ አላለቅስም ነበር። ያን ጠዋት አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ቢላ አምጥቼ የሱፉን ደረቅ ራስ ቆረጥኩትና ዘንቢል ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ ነበር። እፊቱ አስቀምጬ «ይኸውልዎት፣ ሱፉ ደርሷል፤ እርስዎ ግን አልደረሱም» ልለው ነው። ቃሉን ሚኒባስ ውስጥ እስከ ዳንግላ ድረስ ስለማመደው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው የምጸልይ መስሏቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ዳንግላ ከእኛ ይልቅ ትሞቃለች። ውርጭ አልነካትም፤ በየደጁ አበባ አለ። ይኸም አናደደኝ። መናኸሪያው በር ላይ ጋሪ ይዤ «እንየው የሚባል ልብስ ሰፊ ታውቃለህ?» አልኩት ባለጋሪውን። ስሙ ይኸነው ይባላል፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው።

ዞር ብሎ ፈገግ አለ። «አደይ ጋ ነው እሚሄዱ?»

«የምን አደይ?»

«አልሰሙም እንዴ? አገሩ ሁሉ አደይ ነው የሚለው። ሊያገባ ነው መሰለኝ፣ ለራሱ ቢጫ ሱፍ እየሰፋ ነው።»

«ምን እየሰፋ?»

«ሱፍ ነዋ። ኮትና ሱሪ። ቢጫ። ከመስከረም ጀምሮ ጨርቁን ያልፈለገበት የለም። ባሕር ዳር ሰው ላከ፣ የለም። ግራጫ እንስጥህ ቢሉት፣ ቡናማ ቢሉት፣ አሻፈረኝ አለ። ጫግኒ ሦስት ጊዜ ወርዷል። ምን አገኘህ ቢሉት፣ እምትወደው እሱን ነው፣ ሌላ ለብሼ ፊቷ አልቆምም አለ አሉ። በስተርጅና…» አለና ትከሻውን ሰበቀ። «ባለፈው ሳምንት አገኘ። ዛሬ ይጨርሳል ብለው ሊያዩት የሄዱ አሉ።»

ፈረሱ ሽው ሽው ይላል። መንገዱ፣ ሱቆቹ፣ ሰዎቹ ሁሉ ሩቅ ሆኑብኝ። ሱፍ። ቁመቱስ። ከለሩስ። ለብርዱም ደኅና ነው። አንድ በአንድ መጡልኝ። የኮቱን ጠርዝ ሲያይ፣ ፊቱ ሲቀላ፣ ክሩን ሲመልስ አየሁት። ልብስህ አልቋል፣ ደኅና ሱፍ ልበስና ና ያልኩት መስሎት ኖሯል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ደረቴ ላይ ቆመና እንባ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ሰደበችኝ ብሎ ይቀር ነበር። እሱ ግን እሽ ብሎ ሄዶ ቢጫ ጨርቅ ሲፈልግ ከረመ።

ዘንቢሉ ጭኔ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን ነገር አሰብኩት። ፊቱ ባስቀምጠው አንድም ቃል ሳልናገር ይገባዋል። ከመስከረም ጀምሮ ከተማው የሳቀበት በከንቱ መሆኑን፣ ለአንዲት ለተሳሳተች ቃል መሆኑን እዚያው ያውቃል።

«አቁምልኝ» አልኩ ይኸነውን። «ፈረስህ የሱፍ ፍሬ ይበላል?»

«ምን የማይበላው አለ?»

ወርጄ የሱፉን ራስ አወጣሁና ለፈረሱ ያዝኩለት። አሽትቶ ጀመረ። ስድስት ወር ያሳደግሁት ነው፤ ፍሬውንም ቅርፊቱንም እየቆረጠመ እፊቴ ጨረሰው። ይኸነው ቆሞ ያይ ነበር። እጄን በሻሼ ጠርጌ ጋሪው ላይ ወጣሁ።

የእንየው ሱቅ በር ላይ አራት አምስት ሰው ቆሟል። መንገድ ለቀቁልኝ። እሱ ከስፌት መኪናው ወዲያ፣ ግድግዳው ላይ ካለው መስተዋት ፊት ለፊት ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ቢጫ ስል ደብዘዝ ያለ እንዳይመስላችሁ። ቢጫ ነው። ኮቱ ረጅም ነው፣ ጉልበቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል፤ ረዘም ቢል ደስ ይለኛል ብዬ የለ። ስፌቱ ግን… እኔ የስፌት ሰው አይደለሁም፣ እንዲያም ሆኖ እንደዚያ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም። ኮሌታው አንገቱ ላይ ያለ አንዳች ጭምትርታ ተቀምጧል። ትከሻው ልክ ነው። በሕይወቱ መጀመሪያ ለራሱ የሰፋው ነው፣ ሙያውን ሁሉ አፍስሶበታል።

በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ለመዞር ጊዜ ወሰደበት።

«የሻረግ» አለ። «ዘገየሁብሽ። ጨርቁ ጠፍቶ ነው። ሰው በባዶ እጁ አይመጣም ብዬ…» ፊቱ ከስቷል፣ ጣቶቹ ላይ ጠመኔ አለ። እጆቹን ትንሽ ከጎኑ አራቅ አድርጎ ቆመ፣ ልኩ እንደሚወሰድ ልጅ። «እንዲህ ነው ያልሽው?»

ሃያ ስድስት ዓመት ስህተት ሳርም ኖሬያለሁ። «ሰ»ን ገልብጦ የጻፈ ልጅ አልፌ አላውቅም፣ የቀበሌው ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር እስክሪብቶ አውጥቼ አርሜያለሁ። ልክ ያልሆነ ነገር ፊቴ ቆሞ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«እንዲህ ነው» አልኩት።

«ቁመቱስ?»

«ቁመቱም።»

እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ትንፋሹን ሲያወጣ ሰማሁት። ከዚያ የሚቀጥለውን ሊጠይቀኝ ፈለገና አቃተው፤ አፉን ከፈተ፣ ሰዎቹን አየ፣ ዘጋው። አራት ወር መልሴን የጠበቀ ሰው ሊጠይቀኝ ፈራ። ያን ጊዜ ነው ክረምቱን ሙሉ ስፈራ የከረምኩት እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ የገባኝ።

ጠጋ ብዬ የኮቱን ትከሻ አስተካከልኩለት። የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

«ቆልፈው» አልኩት። «ውጭ ነፋስ አለ። ና እንሂድ፣ እንየው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከግንቦት ጀምሮ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይጠጡ እንጂ አንድም ቀን «ና» ብዬው አላውቅም። ዓይኑ ሞላ። ቁልፎቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ቆለፋቸው፤ የመጨረሻውን እኔ ቆለፍኩለት።

እጁን ይዤ ወጣሁ። በዳንግላ ዋና መንገድ፣ በቅዳሜ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። ጋሪዎች ቆመው አዩን። ከአንዱ ሱቅ «አደይ!» ብሎ የጮኸ ነበር፣ ሳቅም ተከተለው።

«ይስቃሉ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ጆሮዬ ላይ። «ላውልቀው?»

«ለሰርጋችንም ይኸንኑ ነው የምትለብስ» አልኩት፤ እጁንም አልለቀቅሁትም።